ለኢክራም ያነጠፍኩት ሜዳ

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

መምህርነቱን ትቼ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ከከፈትኩ ወዲህ ይህን ደብተር የማወጣው የሚጻፍ ነገር ሲገጥመኝ ብቻ ነው። ዛሬ ገጠመኝ።

ከጁምዓ ወጥቼ ሱቅ ስደርስ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማለች። ቱታ ለብሳ አንገቷ ላይ ፊሽካ አንጠልጥላለች። ቀለም የምትገዛ መስሎኝ ምን ልታዘዝ አልኳት።

«አቶ ሙባረክ እርስዎ ነዎት? የኢክራም አባት?»

«ነኝ።»

«አልታየች እባላለሁ። ወልድያ የሴቶች እግር ኳስ አሠለጥናለሁ። ትናንት እዚህ መርሳ ሜዳ ላይ ልጅዎን አየኋት።»

ሰሞኑን ለዞኑ ቡድን ልጆች ለመምረጥ በየከተማው ስትዞር ነው የከረመችው። ግራና ከተማም ደርሳ መጥታለች። ኢክራምን ፈልጋታለች። ግንቦት ላይ ወልድያ ገብተው ይሠለጥናሉ፣ ማደሪያቸው ከእሷው ጋር ነው፣ ትምህርታቸውንም እዚያው ይከታተላሉ። ሰኔ ላይ ውድድር አለ። የቀረው የእኔ ፈቃድ ነው።

«ልጅዎ ኳስ ስትቀበል መሬት መሬት አታይም። ቀና ብላ ነው የምትቀበለው። ይህን ላስተምር ብል አልችልም» አለችኝ።

ከባለቤቴ ከረሂማ ጋር ተማክሬ እደውላለሁ አልኳት።

ደስ ብሎኛል። ይህ ይጻፍልኝ፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ለረሂማም ለኢክራምም ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

አልነገርኳቸውም።

ጠዋት ሻይ ቤት ስገባ ኢሳቅ ጀርባውን ሰጥቶኝ ያወራል። ኢሳቅ ከሱቄ ቀጥሎ እህል የሚነግደው ነው፤ ወዳጄ ነው። የከበቡት ሰዎች አንገታቸውን አስግገው ያዳምጡታል። «የሙባረክን ልጅ አይታችኋል? ሐሙስ ዕለት ሜዳ ላይ ስትሮጥ እኮ...» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሰዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ አንዱ አየኝ። ሳቁ ቆመ። ወንበር ሳቡልኝ።

ሻዩን አልጨረስኩትም።

ስትሮጥ ምን? ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ እያስጫንኩ ይኸው ነው የሚመላለስብኝ። ረጅም ሱሪ ነው የምትለብሰው። ፀጉሯ ተሸፍኗል። ልብሱን የገዛሁላት እኔው ራሴ ነኝ። ታዲያ ስትሮጥ ምን?

ወልድያ ደግሞ መርሳ አይደለም። እዚያ የሚያያት ሰው ብዙ ነው።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

ለአሠልጣኟ ደወልኩ። ልጅቷ ትምህርቷን መርጣለች፣ ራሷ ትታዋለች አልኳት።

«እሷ ናት ያለችው?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ላስገድዳት አልችልም። ሐሳቧን ከቀየረች ቁጥሬ አለዎት» አለች።

ቤት ስገባ ኢክራም በር ላይ ጠበቀችኝ። የተመረጡት ልጆች ስም ለወላጆች በስልክ እንደሚነገር ሰምታለች። ለጓደኛዋ ለመቅደላ አባት ተደውሎለታል። ሁለቱ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አብረው ነው የሚጫወቱት።

«አባዬ፣ ላንተስ አልደወሉም?»

«ደውለው ነበር። አልተመረጥሽም።»

ወላሂ አላልኩም። ወላሂ አለማለቴን እንደ ትልቅ ነገር ይዤ ተቀምጫለሁ።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ዛሬ ቁርስ ላይ ግን ዳቦዋን እንደያዘች፣

«ምኔ ነው የጎደለው? አሠልጣኟ አልነገረችህም?» አለችኝ።

አፌ እንዳመጣልኝ «ግራ እግሯ ደካማ ነው ብላለች» አልኩ።

አሰበችበት። «እውነቷን ነው» አለች። «በግራዬ ስመታ ሩቅ አይሄድልኝም።»

ከየት አመጣሁት?

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

ትናንት ፋሲካ ነበር። እንደየዓመቱ እነ መቅደላ ቤት ተጠርተን ሄድን። ኢክራም ራሴን አሞኛል ብላ ቀረች። አባትየው አበባው ለስላሳ እየከፈተልኝ «ምነው ልጅህ እምቢ...» ብሎ ሲጀምር ቶሎ ብዬ ስለ ብረት ዋጋ አነሣሁ። ረሂማ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ስለነበረች አልሰማችም።

ስንወጣ መቅደላን በረንዳ ላይ ለብቻዋ አገኘኋት። አኩርፋለች። «ጋሼ፣ ኢክራም ለምን ተወችው? አብረን እንሄዳለን ተባብለን ነበር እኮ» አለችኝ።

«ስለ ቡድኑ እንዳታነሺባት አደራ» አልኳት። «እሷም ከፍቷታል። ባነሣሽባት ቁጥር ይብስባታል።»

መቅደላ ጨዋ ልጅ ናት። «እሺ ጋሼ፣ አላነሣም» አለች።

በመንገድ ላይ ረሂማ ስለ አበባው ቤት አዲስ መጋረጃ ታወራ ነበር። አዎ፣ አዎ እያልኩ ሄድኩ።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

አገኘሁት! ሜዳ እሠራላታለሁ።

ብሩክ የሚባል የኮምቦልቻ ልጅ አለ። ሰው ሠራሽ ሣር ያነጥፋል። ደሴ ለአንድ ሰው ግቢ የሠራውን በስልኬ ላከልኝ። አረንጓዴ ነው፣ ነጭ መስመር አለው፣ ትናንሽ ጎሎች አሉት፣ ክረምት ከበጋ አይጨቀይም። የእኛ ጓሮ ይበቃዋል፤ ብርቱካኖቹ ከተነሡ።

ሌላ አባት ይህን ያደርጋል? የከተማው ሜዳ ድንጋይና አቧራ ነው። እዚህ ግን በሰላም፣ እናቷ አጠገብ፣ ማንም ሳያያት ትጫወታለች።

ለረሂማ ነገርኳት።

«ብርቱካኖቼን?» አለች። እሷ ናት የተከለቻቸው፣ እዚህ ቤት በሙሽርነቷ ስትገባ። «ዘንድሮ እኮ አብበዋል።»

«ለኢክራም ነው። ሳትመረጥ ቀርታ እንዴት እንደሆነች አታያትም?»

ወደ ጓሮው በር ሄዳ ቆመች። ከዚያ «ለልጄ ከሆነ ይቆረጥ» አለች።

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

ተቆረጡ። ረሂማ በጠዋት ተነሥታ እህቷ ቤት ሄደች፤ ላለማየት ነው። ግቢው አበባ አበባ ይሸታል። ሥሮቹ እምቢ ብለው በአካፋና በዶማ ውለናል።

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

ጥድፊያ ነው። ገረጋንቲ አፈር ገብቶ ተዳምጧል። ደቃቅ ጠጠርም ከላዩ። ብሩክ ውሃ እንዳይቋጥር ወደ መንገድ ዳር በኩል አዘንብሎታል።

ግንቡንም በብሎኬት አስጨምሬ ከላዩ ቆርቆሮ እያስመታሁ ነው። ብሩክ እያየ ሣቀ። «ጋሼ፣ ኳሱ እንዳይወጣ ከሆነ እኮ መረብ ይበቃል። ይህ ወህኒ ቤት አስመሰለው።»

«ሌባ አስቸግሮናል» አልኩት።

ሌባ ገብቶብን አያውቅም።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

መንገድ ተዘግቶ ሣሩን የጫነው አይሱዙ ኮምቦልቻ ቆሞ ሰነበተ። ትናንት ገባ፣ ዛሬ ተነጠፈ። እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። ከጥቅሉ አንዱን ለስድስት ተሸክመን ነው ያስገባነው። እየፈቱ ጎን ለጎን ይዘረጉታል፣ ከሥር በማጣበቂያ ያያይዙታል፣ ከዚያ አሸዋና ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ በትነው በመጥረጊያ ያሰርጉታል። መጋጠሚያው የት እንደሆነ አይታወቅም።

ኢክራም ከትምህርት ቤት ስትመጣ ዓይኗን ሸፍነን አስገባናት። ስትገልጠው ጮኸች። ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች። ከዚያ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«አባዬ፣ ለእኔ ብለህ ነው? እኔ እኮ ያልተመረጥኩ ነኝ!»

ረሂማ አለቀሰች። ብሩክ ደግሞ ፍርፋሪውን ከእጁ እያራገፈ «ጋሼ፣ ለሴት ልጁ እንዲህ ያለ ነገር የሠራ አባት እስካሁን አላጋጠመኝም። ላገኘሁት ሁሉ ነው የማወራው» አለ።

እንዳታወራ ልለው ነበር።

ግንቦት 8፣ ዓርብ

ብሩክ አውርቷል። ከጁምዓ ስንወጣ ሰው ሁሉ እጄን እየጨበጠ ማሻአላህ ይለኛል። መምህር የነበረ ሰው ለየት ይላል አሉ። በሁሉም ፊት ፈገግ ብዬ ቆምኩ። ፈገግታው ደከመኝ።

ሸህ ሙሄዲን ቤት ድረስ ከእኔ ጋር መጡ። መስጊዱ ውስጥ ከሳቸው በላይ የሚከበር የለም፤ ለእኔም እንደ አባት ናቸው። ሜዳውን በበትራቸው ነካ ነካ አድርገው ሣቁ። ከዚያ ቀና ብለው ግንቡን አዩት።

«ልጄ ሙባረክ፣ ምነው እንዲህ አስረዘምከው?»

«ሰው እንዳያያት ብዬ ነው፣ ሸህ።»

«አይቶ የተቆጣ አለ?»

«ሰው ያወራል።»

«እኔ ዘንድ የመጣ የለም» አሉ። «በልጅህ ላይ የሚያወራ ቢኖር፣ ሊከስህ መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነበር። የልጅቱ አለባበስ ምን አለው? ይልቅ እነዚያ የልጅ ልጆቼ ቤት ውስጥ ናላችንን አዞሩት። አንቱ ዘንድ እየመጡ ይጫወቱ እንዴ፣ ባለሜዳው?» ብለው ቀለዱብኝ።

ኢንሻአላህ አልኳቸው። ቀን አልቆረጥኩላቸውም። ልጆች ከመጡ ወሬ ይመጣል፤ የመቅደላ ወሬ፣ የወልድያ ወሬ።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

መቅደላ ወልድያ ገብታለች። ትንሽ ቀለል አለኝ። (ይህን ጽፌ አነበብኩት። ይቅር፣ አልሰርዘውም።)

ኢክራም ብቻዋን ነው የምትጫወተው። ከትምህርት ቤት መጥታ፣ ኳሱን ግንቡ ላይ ትመታለች፤ ይመለስላታል፤ ትመታለች። ሁልጊዜ በግራዋ ነው። ቀኝ እግሯን ከነአካቴው ትታዋለች።

ያላሰብኩት ነገር ሙቀቱ ነው። በመርሳ ፀሐይ ሣሩ ይግላል፤ ከሰዓት በኋላ እጅ አያስነካም፣ የጎማ ሽታው ቤት ድረስ ይገባል። ብርቱካኖቹ ባሉበት ጊዜ ያ ቦታ ጥላ ነበር። ፀሐይ እስኪበርድ ጠብቂ ብላት አትሰማም። ዛሬ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። በጎማ ቧንቧ ሜዳውን ውሃ እያጠጣሁ «አሁንስ ይበቃሻል» አልኳት።

«አይበቃኝም። በሚቀጥለው ዓመት አሠልጣኟ ስትመጣ ግራ እግር የላትም እንዳትለኝ» አለች።

ውሃውን ለቅቄ ወደ ቤት ገባሁ። ረሂማ ቧንቧው እንደተከፈተ ነው ብላ ተቆጣችኝ።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

ዛሬ ኢሳቅ ሱቄ መጥቶ ከሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። ዙሪያ ጥምጥም ሲል ቆይቶ፣

«ያን ቀን ሻይ ቤት ተቀየምከኝ አይደል?» አለ።

«የቱን ቀን?»

«ተው እንጂ። ከዚያ ወዲህ ሻይ ቤት አልመጣህም። ስለ ልጅህ ሳወራ ነው የገባኸው። ምን እንዳልኩ ልንገርህ? 'የሙባረክ ልጅ ስትሮጥ እኮ የእኔን ጎረምሳ በሁለት ዙር ትቀድመዋለች፤ እሱ ጫማውን ሲያስር መሸበት' ነው ያልኩት። የሣቅነው በእኔው ልጅ ነው። ድምፄን ዝቅ ያደረግሁት እሱ ውጭ ቆሞ ስለነበረ ነው።»

ሣቅኩለት። ማስታረቂያ ፈልጎ ፈጥሮት ይሆናል ብዬም አሰብኩ። ግን ኢሳቅ ፈጥሮ የሚያወራ ሰው አይደለም።

ሲወጣ ስልኬን አነሣሁ። የአሠልጣኟን ቁጥር አወጣሁ። ውድድሩ ገና ነው፤ ዛሬ ብናገር ይደርስ ይሆናል። ምን እንደምላት አሰብኩ፤ ለኢክራምስ ምን እላታለሁ? ለረሂማስ? ለዚያ ሁሉ ማሻአላህ ላለኝ ሰውስ?

ደንበኛ መጣ። ቆርቆሮ ሸጥኩለት።

ግንቦት 24፣ እሑድ

አልደወልኩም።

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ

ለአረፋ በግ ተገዛ። ረሂማ ደስ ብሏታል። አልደወልኩም።

ግንቦት 29፣ ዓርብ፣ አረፋ

የዛሬውንም ልጻፈው።

ከዒድ ሰላት በኋላ ቤቱ በሰው ተሞላ። ሸህ ሙሄዲን፣ ኢሳቅ፣ የረሂማ እህት፣ ሁሉም አሉ። እኩለ ቀን ላይ አበባው ቤተሰቡን ይዞ እንኳን አደረሳችሁ ሊል መጣ። መቅደላም አብራው ናት፤ ለበዓሉ ብላ ከወልድያ አስፈቅዳ መጥታለች። ኢክራም ስታያት ኩርፊያዋን ሁሉ ረስታ ይዛት ወደ ጓሮ ሮጠች።

ለስላሳ ይዤላቸው ተከተልኩ። ለምን እንደተከተልኩ እኔ አውቃለሁ።

መቅደላ ሜዳውን አይታ አፏን ይዛለች። ተቀባበሉ። ኢክራም አንዱን ኳስ በግራዋ መትታ ጎሉ ማዕዘን ላይ ከተተችው። መቅደላ ጮኸች።

«ግራሽ እንዲህ ሆኗል? አሠልጣኟ ብታይሽ! እስካሁን እኮ ትጠይቀኛለች፣ ያቺ ልጅ ለምን ተወችው እያለች...» ብላ አፏን በእጇ ሸፈነች። «ይቅርታ። አላነሣም ብዬ ነበር።»

«ማን ነው የተወው?» አለች ኢክራም።

«አንቺ ነሻ። አባትሽ ደውለው...»

ኢክራም ዞራ አየችኝ። ጠርሙሶቹን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። መቅደላ እኔንና እሷን ተራ በተራ ታያለች።

«ፀሐዩ በረታ። እንግባ» አለች ኢክራም በመጨረሻ። ገብታ እጇን ታጥባ ለእንግዶቹ ሥጋ አቀረበች። ለእኔም አቀረበችልኝ።

ግንቦት 30፣ ቅዳሜ

ጠዋት በሬን አንኳኳች።

«አባዬ፣ ቁርስዎ ቀርቧል።»

ቁርስዎ። በሕይወቷ እርስዎ ብላኝ አታውቅም። የምትቀልድ መስሎኝ ቀና አልኩ። አትቀልድም።

«ሌላ የሚፈልጉት አለ?»

የለም አልኩ።

ረሂማ ሌሊቱን ከእሷ ክፍል ነበረች፤ ሁሉን ሰምታለች። ጓሮ ቆማ አገኘኋት። አልጮኸችብኝም። «ብርቱካኖቼን ለውሸት አስቆረጥከኝ» ብቻ ነው ያለችው።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ኳሱ ጥግ ላይ ነው። የነካው የለም።

ሸህ ሙሄዲን ጎራ ብለው ነበር። ኢክራም ውሃ ስታቀርብልኝ «ይጠጡ፣ ይጨምሩ» ስትለኝ ሰምተው ተደሰቱ። «ማሻአላህ፣ አስተዳደግ ማለት ይኸ ነው! የዛሬ ልጅ አባቱን አንተ እያለ...» አሉ።

ኢክራም አንገቷን ደፍታ ወጣች። እኔ ብርጭቆውን ይዤ ቀረሁ።

ለሰው ወሬ ብዬ ነው ይህን ሁሉ ያደረግኩት። እሳቸው አሁን ሲወጡ ጥሩ ነው የሚያወሩልኝ።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ሱቁን ዘግቼ ወልድያ ሄድኩ። ሚኒባሱ ሲሪንቃ ላይ ሰው ሲያወርድ ወርጄ ልመለስ አስቤ ነበር። አንዲት እናት ልጇን ጭኔ ላይ አስቀምጣብኝ ስለነበር ሳልወርድ ቀረሁ።

ልጆቹ ልምምድ ላይ ናቸው። አሠልጣኟ ከሩቅ አውቃኝ መጣች። አንድም ሳልቀባባ ነገርኳት፦ ልጄ አልተወችም፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት፤ ለእሷም አልተመረጥሽም አልኳት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጊዜው ካላለፈ...

«አልፏል» አለች። «የተጫዋቾቹ ስም ከተላለፈ ሰንብቷል። አሁን ማስገባት አልችልም።»

ከዚያ ፊሽካዋን በጣቷ ታዞር ጀመር። ፊቷ ቀልቷል።

«እኔን ይቅርታ የሚጠይቁኝ ምን ስላደረጉኝ ነው? እኔ ነኝ ያቺን ልጅ የበደልኳት። የነገሩኝን አምኜ እነዚህን ልጆች ስቆጣ 'ዕድል በእጇ ገብቶ እንደጣለችው እንደ መርሳዋ ልጅ አትሁኑ' እያልኩ ነው የከረምኩት። መቅደላ ስታለቅስ እንኳ አልገባኝም።»

ወደ ልጆቹ ዞረች። «ልጥራቸውና የነገሩኝን ይንገሯቸው። ከእርስዎ አፍ ይስሙት።»

ልጆቹን አየኋቸው። ብዙ ናቸው። መቅደላ ከመሀላቸው ቆማ ታየኛለች።

«መኪና ያመልጠኛል» አልኩ።

ገና ከሰዓት በኋላ ነበር። ወደ መርሳ እስኪመሽ ድረስ መኪና አለ። አሠልጣኟም ይህን ታውቃለች። «እሺ፣ ይሂዱ። እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች። ከሜዳው እስክወጣ ጀርባዬ ላይ ዓይናቸው ነበር።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ኢክራምን ሜዳው ዳር አስቀምጬ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ሻይ ቤቱን፣ ስልኩን፣ ግራ እግሯን። ትናንት ወልድያ ላይ ከልጆቹ ፊት መሸሼንም አልደበቅኳትም።

አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣

«ያሳፈርኩዎት በምንድን ነው?» አለችኝ።

«አንቺ አላሳፈርሽኝም። የሰው ወሬ ፈርቼ ነው።»

«የማን ወሬ? ስሙን ይንገሩኝ።»

አሰብኩ። ኢሳቅ ልል አልችልም። ሸሁን ልል አልችልም። አንድ ስም እንኳ ባገኝ ትንሽ ይቀለኝ ነበር። በመርሳ ከተማ አንድ ስም አጣሁ።

ኢክራም ከሣሩ መሀል የጎማ ፍርፋሪ እያወጣች በመዳፏ ሰበሰበች። ድምፅዋ ሲሰበር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

«እኔ እኮ ይህን እግሬን ጠልቼው ነበር» አለች። «ስተኛ ሁሉ እረግመው ነበር።»

ልይዛት እጄን ዘረጋሁ። ተነሣች። ግን ቶሎ አልሄደችም፤ ፍርፋሪውን መልሳ ሣሩ ላይ በትና፣ በእግሯ አስተካክላ ነው የሄደችው።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ቆርቆሮውን ከግንቡ ላይ አስነቀልኩ። ረሂማ ሳትነግረኝ የሸሁን የልጅ ልጆች ጠርታ አገኘኋቸው። ጓሮው ጩኸት በጩኸት ሆኗል። ኢክራም አልወጣችም፤ በመስኮት ግን ታያቸው ነበር።

ሰኔ 15፣ እሑድ

የመቅደላን ጨዋታ ለማየት ኢክራምና ረሂማ ወልድያ ሊሄዱ ተነሡ። ልምጣ ወይ አልኩ። ረሂማ ኢክራምን አየቻት። «መንገዱ የሁሉም ነው» አለች ኢክራም። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሄድኩ።

ሜዳው ዙሪያ ሰው ሞልቷል። ወንዶቹ፣ ሽማግሌ ሳይቀር፣ ለልጆቹ ይጮሃሉ፤ በስማቸው ይጠሯቸዋል። ይህን ነበር እንግዲህ የፈራሁት። አሠልጣኟ ኢክራምን ከሩቅ አይታ ሮጣ መጣችና እጇን ይዛ ወሰደቻት። ከተቀያሪዎቹ አጠገብ አስቀመጠቻት። ሁሉም ማልያ ለብሰዋል፤ እሷ ብቻ በቤት ልብሷና በሻርፗ ናት። ልጆቹ ግን ቦታ ለቀቁላት፣ አንዷም እጇን ትከሻዋ ላይ ጣለች።

ከጎኔ አንድ የማላውቀው ሰው፣ ጥላ ዘርግቶ የሚጮህ፣ ወደ እኔ ዞረ።

«የኔዋ ሰባት ቁጥር ናት። ያንተስ ልጅ የትኛዋ ናት?»

ልጅ የለኝም ማለት ይቻል ነበር። እንግዳ ነኝ ማለትም ይቻል ነበር። ረሂማ ከወዲያ ናት፣ አትሰማም።

«ያቺ ናት» አልኩት። «ማልያ የሌላት።»

«ተጎድታ ነው?»

«አይ። ተመርጣ ነበር። እኔ ነኝ ያስቀረኋት። አልፈለገችም ብዬ ዋሸሁባት።»

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት መሰለኝ፤ ከፊታችን የነበሩ ሁለት ሰዎች ዞረው አዩኝ። ሰውየው ጥላውን ወደ ሌላኛው ትከሻው አዛወረ። ልጄን ሲያያት ቆየ። ከዚያ እኔን።

«ታዲያ አሁን ምን ልትሠራ መጣህ?» አለኝ።

«የተቀመጠችበትን ለማየት» አልኩት።

ሌላ አልጠየቀኝም። ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ ፀሐዩ ሲበረታ፣ የጥላውን ግማሽ ወደ እኔ አደረገው። ከሥሩ መቆም አፈርኩ፤ መሄድም አፈርኩ። ቆምኩ።

ሰኔ 23፣ ሰኞ

አሠልጣኟ ክረምቱን ወልድያ የሚቆዩ ልጆችን ታሠለጥናለች። ኢክራምን ጠርታታለች። ኢክራም ፈቃድ የጠየቀችው እናቷን ነው። እኔን አልጠየቀችኝም። ልክ ናት።

ዛሬ ሄደች። ሻንጣዋ ከባድ ነበር። ላንሣልሽ ስላት መጀመሪያ እምቢ አለች፣ መንገዱ አጋማሽ ላይ ግን አስቀመጠችውና ቆመች። አነሣሁት። በኢሳቅ መደብር፣ በሻይ ቤቱ ፊት ለፊት አለፍን፤ ሰው ወዴት ነው ሲለኝ ልጄ ኳስ ልትጫወት ወልድያ እየሄደች ነው አልኩ። እሷ ወደፊት ወደፊት ትሄዳለች።

መናኸሪያው በር ላይ ሻንጣውን ተቀበለችኝ።

«ከዚህ ይበቃል። ይመለሱ» አለችኝ።

ተመለስኩ።